በረንዳው ለማን ይድረስ

ጫንያለው ከመንገደኛ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ የሰማ ሰው፣ ጠፍቶ የኖረ ወንድሙን ዛሬ ያገኘ ይመስለዋል። ወንድሙ አይደለም፤ ትናንትም በዚያው ሰዓት ያለፈ ጎረቤት ነው።

«ነጋ! ነጋ! አንተስ እንዴት አደርህ? ልጆቹስ? ላሚቱ ወለደች? ያ ጉልበትህስ?»

ነጋ በኦሮምኛ ሰላም ማለት ነው፤ ኦሮምኛው ሲያልቅበት በአማርኛ ይቀጥላል፤ አማርኛው ሲያልቅበት ወደ ኦሮምኛው ይመለሳል። ሰላምታው ግን አያልቅም።

ቤቱ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ወደ ገበያ በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። ሰማያዊ የነበረውን ቀለሙን ዝናብ አጥቦ አጥቦ አመድማ አድርጎታል። በረንዳው ለመንገዱ በጣም ከመቅረቡ የተነሣ፣ እዚያ የተቀመጠ ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ አላፊ አግዳሚውን ይጨብጣል። ጫንያለው ከመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ጡረታ ከወጣ ወዲህ ባለ መደገፊያ ወንበሩን እዚያ አቁሞ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ የቢሮ ሰዓት እንደሚያከብር ሰው በጠዋት ይሰየምበታል።

ሚስቱ ዘርፈሽ ይህን ሁሉ የምትሰማው ከማድ ቤት ነው። ማድ ቤቱ ከቤቱ ጀርባ፣ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ነው፤ ከዚያ ሆኖ መንገዱ አይታይም። እሷ ግን ሰውን በድምፁ መለየት ከለመደች ቆይታለች። ጉሮሮውን የሚጠርገው የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ነው። ንግግሯን ሳትጨርስ የምትስቀው ጤና ጣቢያ የምትሠራው ልጅ ናት። መልካቸውን በቅጡ አታውቀውም። ድምፃቸው ማድ ቤት ድረስ ይመጣል፤ እነሱ አይመጡም። ሰላምታው ደስ ይላታል፤ የምትፈራው ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው።

«ኮታ፣ ሴና! ግቡ እንጂ! ቤት ያፈራውን!»

ጫንያለው ቤት የሚያፈራው ልክ እንደ አቮካዶው ዛፍ ይመስለው ነበር፤ ዝናብ እስከ ዘነበ ድረስ ራሱን ችሎ፣ ማንም ሳይደክም። ሰው ይጋብዛል፤ ከበሩ ላይ ሆኖ «አምጪ!» ይላል፤ ከውስጥ ትሪ የያዘ እጅ ብቅ ይላል፤ ትሪውን ተቀብሎ ለእንግዳው ያቀርባል። የሰፈሩ ሰው ያን እጅ እንጂ ባለ እጇን አይቶ አያውቅም ቢባል ማጋነን የለበትም። «የኦቦ ጫንያለውን አንጮቴ ያልቀመሰ ወለጋ ገባሁ አይበል» ይባል ነበር፤ ኦቦ አቶ ማለት ነው። ኦቦ ጫንያለው ግን በዕድሜው አንድ የአንጮቴ ሥር ልጦ አያውቅም። አንጮቴ ከነልጣጩ ይቀቀል፣ ተልጦ ይቀቀል እንኳ ቢጠየቅ፣ ጉዳዩን ለሚመለከተው ክፍል ይመራው ነበር።

ባለፈው ክረምት መግቢያ፣ ወደ ዲጋ የሚሄድ ሚኒባስ በዶፍ ዝናብ መሀል በራቸው ላይ ጎማው ፈነዳ። ዘርፈሽ በዚያው ጠዋት መንጋጋዋን ተነቅላ መጥታ፣ ያበጠ ጉንጯን በሻሽ አስራ፣ ጋደም ልበል አልበል እያለች ነበር። ከበረንዳው የሰማችው ድምፅ ነገሩን ወሰነላት።

«ሴና! ሁላችሁም ሴና! ዝናብ ላይ ቆሞ ምን ይባላል?»

ሹፌሩ ገባ፤ ረዳቱ ገባ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ገባ። አንድ ሽማግሌ የገዙትን ፍየል እየጎተቱ ገቡ። ፍየሉም ተጋበዘ መሰለው፤ ሶፋው ሥር ገብቶ ተኛ።

«አምጪ!» አለ ጫንያለው።

እንግዳ ጦሙን አይሸኝም። ዘርፈሽ ሽሮውን ጣደች፤ አንጮቴውን በቅቤ አሸች፤ የነበረውን ሁሉ አወጣች። በልተው ጠጡ፤ ዝናቡ አባራ፤ ጎማው ተቀየረ። ባለ ፍየሉ ሽማግሌ ተነሥተው መረቁ። «የዚህን ቤት አባወራ ዕድሜውን ያርዝምልን። እጁ አይታጠፍ። ደጁ አይዘጋ።» ሁሉም «አሜን» አለ። ዘርፈሽም ከማድ ቤት ሆና፣ ባበጠ ጉንጯ፣ በልማድ «አሜን» አለች።

አንዲት ሴት ብቻ ከሌሎቹ ጋር አልወጣችም። ከገበያ የተረፋትን ቅቤ በኮባ ጠቅልላ የያዘች፣ ረዘም ያለች የባላገር ሴት ናት። ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ የዘርፈሽን ጉንጭ አየች፤ የዕቃ ማጠቢያውን ጨርቅ ከእጇ ተቀብላ ታጥብ ጀመር። ስትጨርስ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች «መቃን ኬሰን ኤኙ?» አለቻት። ስምዎ ማን ነው ማለቷ ነው።

«የብፅዓት እናት ነኝ» አለች ዘርፈሽ።

ሴትዮዋ ሳቀች። «እሱ የልጅዎ ስም ነው። የእርስዎን ነው የጠየቅኩት።»

«ዘርፈሽ።» ስሙ ከአፏ ሲወጣ የሌላ ሰው ስም መሰላት፤ ድሮ የምታውቃትና አድራሻዋ የጠፋባት ጓደኛ ስም።

«እኔ ቦንቱ ነኝ» አለች ሴትዮዋ፤ ሚኒባሱም ጥሩምባውን ነፋና ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ዘርፈሽ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ባጃጅ ጠርታ፣ ፍርድ ቤት ሄዳ ፍቺ ጠየቀች።

ሰፈሩ ምክንያቱን ፈልጎ ደከመው። ውሽማ የለም፤ ዱላ የለም፤ ስካር የለም። ጫንያለው ራሱ ከማንም በላይ ግራ ገባው።

«ምን አጠፋሁ?» አላት።

«ሰው ትጋብዛለህ።»

«ሰው መጋበዝ ወንጀል ሆነ?»

«በእኔ እጅ ነዋ የምትጋብዘው።»

ነገሩ ስላልገባው በረንዳው ላይ ተቀምጦ መንገደኛውን አንድ በአንድ ጠየቀ። ሰው መጋበዝ ጥፋት ነው ወይ? ሁሉም አይደለም አሉት። ምን ይበሉ? ሁሉም እሱ ቤት የበሉ ናቸው።

አዳማ የምታስተምረው ልጃቸው ብፅዓት ደወለች። «እማዬ፣ በሞቴ፣ እስቲ ትንሽ አስቢበት።»

«ድስት እያማሰልኩ ሳስብበት ነው የኖርኩት፣ ልጄ» አለቻት።

ፍርድ ቤቱ ረጋ ብላችሁ አስቡ ብሎ ቀጠሮ ሰጠ፤ አሰቡ፤ አልሆነም። ከዚያ ሁሉ መመላለስ ዘርፈሽ የወደደችው አንድ ነገር ነበር። የችሎቱ አስተናባሪ በር ላይ ቆሞ «ወይዘሮ ዘርፈሽ መኩሪያ!» ብሎ ሲጠራ፣ ሰምታ ዝም ትላለች። ደግሞ እንዲጠራት ነው። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት። ፍቺውን ከወሰነች በኋላ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ «የቀረው ንብረቱ ነው» አለች። «ተስማምታችሁ ብትካፈሉ ለሁለታችሁም ይሻላል። ካልተስማማችሁ ቤቱ በሐራጅ ይሸጥና ገንዘቡን ትካፈላላችሁ።»

ሐራጅ የሚለው ቃል በዘርፈሽ ጀርባ ላይ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ወረደ። ከዚያ ቤት የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም። በረንዳውን ነበር የምትፈልገው።

ዘርፈሽ ልጅ ሆና ገበያ ውስጥ ከእናቷ አጠገብ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ፣ ቅቤ ትሸጥ ነበር። ከጉቴ የሚመጣው፣ ከዲጋ የሚመጣው፣ ሁሉ «ዘርፌ» ብሎ ይጠራት ነበር። ስታገባ ጫንያለው «የመንግሥት ሠራተኛ ሚስት ቅቤ ቅቤ እየሸተተች ገበያ አትቀመጥም» አለ። ክፋት አልነበረውም፤ ያከበራት መስሎት ነው። እሷም የተከበረች መስሏት ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ መንገዱን ስታይ የኖረችው በጫንያለው ጀርባ በኩል ነው። አሁን የቀረውን ዕድሜዋን ፊቷን ወደ ሰው አድርጋ መቀመጥ አማራት። በስሟ የሚጠራት ሰው አማራት። ችግሩ ጫንያለውም ከበረንዳው በቀር ሌላ ዓለም የሌለው መሆኑ ነው። እሷ እንደምትፈልገው ካወቀ ሙጭጭ ይላል፤ ሙጭጭ ካለ ስምምነት የለም፤ ስምምነት ከሌለ ሐራጅ ነው፤ በረንዳውም ለማያውቁት ባለገንዘብ ይሆናል።

ሽማግሌዎቹ አባ ሠርፀና ኦቦ ፉፋ ነበሩ። አባ ሠርፀ አያታቸው ከጎጃም የመጡ፣ እዚሁ ተወልደው እዚሁ የቀሰሱ ናቸው። ኦቦ ፉፋ ደግሞ የሰፈሩን ጠብ ሁሉ ሲያበርዱ የኖሩ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው አዛውንት ናቸው። መጥተው ሳሎን ተቀመጡ። ስለ እርቅ ተናገሩ። መሀል ላይ አባ ሠርፀ በልማድ ዓይናቸውን ወደ ጓዳው በር ጣል አደረጉ። ኦቦ ፉፋም ጣል አደረጉ። ጫንያለውም «አምጪ» ሊል አፉን ከፈተና ያለበትን ጉዳይ አስታውሶ ዘጋው።

«ዛሬ ቤቱ አላፈራም» አለች ዘርፈሽ።

እርቁ እንደማይሆን ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ ገባቸው።

«እንግዲያው፣ ሃዳ ብፅዓት» አሉ ኦቦ ፉፋ፤ ሃዳ እናት ማለት ነው፣ እሷን በልጇ ነው የሚጠሯት፤ «እኔና ወንድሜ የአባታችንን መሬት የተካፈልነው እንዲህ ነው። አንዱ ይቆርጣል፤ ሌላው ይመርጣል። ቆራጩ አድልቶ ቢቆርጥ የከፋው ድርሻ ለራሱ ይቀርበታል። ፍርድ ቤት አያስፈልግ፣ ጠበቃ አያስፈልግ።»

«እኔ እቆርጣለሁ!» አለ ጫንያለው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። «መሬት ስለካ ነው የኖርኩት። በእኔ ችካል እስከ ዛሬ የተጣላ ሰው የለም።»

አባ ሠርፀ ሳል ያዛቸው። እሳቸውና ጎረቤታቸው በጫንያለው ችካል የተነሣ ሰላም ከተባባሉ ቆይተዋል።

«ይሁን፣ ይቁረጥ» አለች ዘርፈሽ፣ እግሯ ሥር ያለውን ምንጣፍ እያየች።

ጫንያለው ሜትሩን፣ ችካሉንና ሲባጎውን ከቆጥ አወረደ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ቤቱን ከፊትና ከጓሮ ለሁለት ሊከፍል፣ ከሳሎኑ ጀርባ ጀምሮ ወለሉ ላይ በኖራ መስመር አሰመረ። ዶሮዎቹ በማግስቱ ድንበሩን ጥሰው፣ ነጭ የእግር ዱካቸውን ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ተዉት። ዘርፈሽ ድስት ይዛ መስመሩ ላይ ስትደርስ ቆም ትላለች።

«ላልፍ ነው። ኬላ ካለ ንገረኝ።»

«እለፊ» ይላል ጫንያለው ኮስተር ብሎ።

ሚስቱን ያውቃታል፤ እንደዚያ ነው የሚያስበው። ያን በረንዳ ስትራገም ነው የኖረችው። አቧራው፣ የሰው ጭቃ እግር፣ የባጃጁ ጩኸት! የምትወደው ማድ ቤቷን ነው፤ ቧንቧውን፣ አቮካዶውን፣ ዶሮዎቹን። ስለዚህ በረንዳውንና ሳሎኑን በአንድ ወገን፣ ማድ ቤቱንና ጓሮውን በሌላ ወገን ካደረገ፣ እሷ ሮጣ ጓሮውን ትመርጣለች፤ እሱም ወንበሩን ሳያንቀሳቅስ ይቀራል። እንዲህ ያለ ንጹሕ አከፋፈል በሥራ ዘመኑም አልሠራም።

ዘርፈሽም ባሏን ታውቀዋለች። ስለ በረንዳው ሲያወራ ድምፁ ዝቅ እንደሚል ሰምታለች። እናቷ ቅቤ ስትገዛ የፈለገችውን ቅቤ ዞራ አታየውም ነበር። የማትፈልገውን አንሥታ ታሸታለች፤ ታደንቃለች፤ ዋጋ ትጠይቃለች። የፈለገችውን ግን በእግሯ ገፋ አድርጋ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ፀሐይ መትቶታል» ትላለች። ዘርፈሽ ያን ትምህርት አልረሳችም።

«ይህ በረንዳ እኮ» አለች አንድ ቀን እየጠረገች፣ «በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ። ለሚደርሰው ሰው እግዜር ይሁነው።»

ጫንያለው ጋዜጣውን ከፍ አደረገ። «ማን ያውቃል፣ ለአንቺም ይደርስ ይሆናል።»

«ለእኔ? ምን በወጣኝ!» መጥረጊያውን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ዞረች። «ይልቅ አቮካዶው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪሰበር ይዟል። ቧንቧውም ደጅ ላይ። የሚደርሰው ሰው ታድሎ።»

በማግስቱ ጫንያለው ሚዛኑን የበለጠ ወደ ጓሮ ሊደፋው ፍሪጁን ወደ ጓሮው ድርሻ አዛወረ። እሷ ፍሪጁን ወልውላ «እሰየው» አለች። ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ ሄደ። ከዚያ ትልቁ አልጋ፣ ከዚያ ቁም ሣጥኑ። ወገቡን ይዞ ሲጎትት ያዩ ጎረቤቶች «አይ ጫንያለው፣ እንዲህ ያለ ደግ ሰው እንዴት ይፈታል?» ይባባሉ ጀመር። ፊት ለፊት የቀሩት ሁለት ባዶ ክፍሎችና በረንዳው ብቻ ነበሩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ነገሩ ሊበላሽ ነበር። ዘርፈሽ በርበሬ ስትለቅም ጫንያለው መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«ሳስበው» አለ፣ «ከበረንዳው ግማሹን ለጓሮው ድርሻ ብጨምርልሽስ? አንዳንዴ ወጣ ብለሽ ብትቀመጪ።»

ደግነቱ መጣበት እንግዲህ፤ ጊዜ አይመርጥም። ዘርፈሽ ቀና አላለችም። እሺ ብትል የፊቱን ስትመርጥ ግማሽ በረንዳ ይዞባት ይቀራል፤ እዚያም ግማሽ ላይ እሱ ይቀመጣል፤ ሰላምታው ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። ደግሞ ሰውየው ከልቡ ነው፤ ለአፍታ አሳዘናት። አንዷን በርበሬ አንሥታ ጭራዋን በጠሰች።

«ምን ያደርግልኛል?» አለች በመጨረሻ። «እኔ ከመንገድ ጋር ምን አለኝ?»

«እውነትሽን ነው» አለ ጫንያለው፣ እፎይታውን መደበቅ አቅቶት። ሄደ።

የምርጫው ዕለት ሽማግሌዎቹ መጡ። ጫንያለው ፀጉሩን ተላጭቷል፤ የጡረታው ዕለት የለበሰውን ኮት ለብሷል። በዱላው መስመሩን እያሳየ አስረዳ። «ይህ የጓሮው ድርሻ ነው። ሁለት ክፍል፣ ማድ ቤት፣ ቧንቧ፣ አቮካዶ፣ ዶሮዎች፣ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥን። ይህ የፊቱ ነው። ሁለት ክፍልና...» ድምፁ ዝቅ አለ፣ «በረንዳ። መጸዳጃ ቤቱና የግቢው በር የጋራ ነው።»

«ጓሮው አልከበደም?» አሉ አባ ሠርፀ።

«ለእሷ ከሆነ ምን አለበት» አለ ጫንያለው።

«በይ ሃዳ ብፅዓት፣ ምረጪ» አሉ ኦቦ ፉፋ።

ዘርፈሽ መጀመሪያ ወደ ጓሮ ሄደች። ማድ ቤት ገባች። በጥቀርሻ በጠቆረው ግድግዳ ላይ ብፅዓት ሕፃን ሆና በከሰል የሣለቻት ዶሮ አለች፤ አንድ እግር ብቻ ያላት፣ የምትስቅ ዶሮ። ዘርፈሽ እጇን ዶሮዋ ላይ አሳረፈች። ያኔ ሳታስበው እንባዋ መጣ። ይህኛው የገበያ ብልሃት አልነበረም። ያን ያህል ጊዜ የቆመችበትን ቦታ ልትለቅ ነው፤ ወደደችውም ጠላችው እድሜዋ እዚያ ነው ያለው። ጫንያለው ከበሩ ሆኖ እንባዋን አየ። «አይዞሽ» አላት ቀስ ብሎ። «ያንቺው ነው።»

ዘርፈሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ ሳሎን ተመለሰች።

«የፊቱን» አለች።

ኦቦ ፉፋ ከዱላቸው ቀና አሉ።

«የቱን?» አለ ጫንያለው።

«የፊቱን። በረንዳ ያለውን።»

«ግራ ገብቷት ነው» አለ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ። «አቧራውስ?»

«እጠርገዋለሁ።»

«የባጃጁ ጩኸትስ?»

«አብሮኝ ያርጅ።»

«ውሃ የለውም እኮ!»

«ከጎረቤት እቀዳለሁ።»

«ከየትኛው ጎረቤት?»

«ከአንተ።»

ኦቦ ፉፋ ሳቃቸው መጣ። ሊይዙት ሞከሩ፤ ዱላቸውን ተደገፉ፤ አልሆነም። ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። ጫንያለው እንደገና ልለካ፣ ፍሪጁ ስህተት ነበር፣ ቢያንስ ቴሌቪዥኑ፣ እያለ ብዙ ተናገረ።

«ልጄ» አሉ አባ ሠርፀ በታላቅ እርጋታ፣ የራሳቸውን አጥር እያሰቡ፣ «በእኔ ችካል የተጣላ የለም አላልክም ነበር?»

ቆራጩ እሱ ነበርና ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

በኖራው መስመር ላይ ግድግዳ ተሠራ። ጫንያለው ወንበሩን ተሸክሞ ወደ ጓሮ ሄደና ከአቮካዶው ሥር አስቀመጠው። እዚያ የሚያልፉት ዶሮዎች ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት «እንዴት አደርሽ» ሲላቸው በግድግዳው በኩል ይሰማ ነበር።

ዘርፈሽ በበኩሏ በጠዋት ተነሥታ፣ በረንዳውን አጥባ፣ ንጹሕ ቀሚስ ለብሳ፣ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ልቧ እንደ ሙሽራ ነው። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ጉሮሮውን እየጠረገ መጣ። ለካ ቀጭን ነው! በድምፁ ወፍራም አድርጋው ነበር የኖረችው።

«አካም ቡልተኒ» አላት፤ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው። አንገቱን አስግጎ በትከሻዋ ላይ ወደ ውስጥ አየ። «ኦቦ ጫንያለው ኤሳ ጂሩ?»

«ጓሮ ነው» አለች።

ጤና ጣቢያ የምትሠራዋ ልጅ መጣች። «እንዴት አደሩ እማማ። ጋሽ ጫንያለውስ የት ሄዱ? አመማቸው እንዴ?»

«ጓሮ ነው። ሽንኩርት እየከተፈ ነው።»

ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ሽንኩርቱ ግን እውነት ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። የሚያልፈው ሁሉ ይቆማል፤ ስለ ጫንያለው ይጠይቃል፤ ሰላምታዬን አድርሺልኝ ይላል። ዘርፈሽ በዚያ ሁሉ ብልሃት ያገኘችው በረንዳ፣ የባሏ ሰላምታ መቀበያ ሆኖ አረፈው። አንዳንዶቹ እሷን ከነጭራሹ አያውቋትም፤ «በኪራይ የገባች ሴት ናት?» ሲባባሉ ሰማች። አንጮቴዋን የበሉ ሰዎች ናቸው! ከሰዓት በኋላ ገብታ ባዶው ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች። ምናልባት የመረጥኩት ሲሚንቶውን ብቻ ይሆን? ትላለች ለራሷ። መንገዱ እንደሆነ ከጫንያለው ጋር ጓሮ ሄዷል።

ከግድግዳው ወዲያ ጭስ ይነሣል። ከጭሱ በኋላ ድምፅ ይመጣል።

«ጎረቤት!» ከተፋቱ ወዲህ እንዲያ ነው የሚላት። «ሽሮ መጀመሪያ ውሃው ነው ዱቄቱ?»

«ዱቄቱ ከሆነ ምን ሆነ?»

«ድንጋይ ሆነ።»

ውሃ ግን ያስፈልጋታል። በስምምነቱ መሠረት ጫንያለው በየጠዋቱ አንድ ጀሪካን ሞልቶ ያመጣላታል። የመጀመሪያ ቀን አስቀምጦ ሄደ። በቀጣዩ ቀን አስቀምጦ ወገቡን አቃና። ከዚያ ክዳኑን ያጠብቃል፤ ከዚያ ያጠበቀውን ፈትሾ ያላላዋል። አንድ ጀሪካን ማስቀመጥ ይህን ያህል ሥራ መሆኑን ዘርፈሽ አታውቅም ነበር። ያ ሁሉ ሲሆን ግን ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው፤ አላፊው «ኦቦ ጫንያለው!» ሲለው ፊቱ እንደ ጠዋት ፀሐይ ይፈካል። ታየዋለች።

በገበያ ቀን ጠዋት ጫንያለው ክዳኑን በማጥበቅ ላይ ሳለ፣ ከዲጋ በኩል ከሚመጡት ባለ ቅቤዎች አንዷ ከመንገዱ ማዶ ቆመች። ረዘም ያለች ሴት ናት። በኮባ የተጠቀለለ ቅቤዋን ከጀርባዋ አውርዳ፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ፣ ወደ በረንዳው አየች።

ጫንያለው ቀና አለ። የለመደው ነው፤ «ነጋ፣ ነጋ» ሊል አፉን ከፈተ።

«አዴ ዘርፈሽ!» አለች ሴትዮዋ፣ እስከ ወፍጮ ቤቱ በሚሰማ ድምፅ። አዴ ለተከበረች ሴት የሚባል ነው። «አዴ ዘርፈሽ! አካም ቡልተኒ? ጉንጭዎስ? ዳነ?»

የጫንያለው አፍ እንደተከፈተ ቀረ። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ መንገዱ ላይ ቆሞ ዞረ። ጤና ጣቢያ የምትሠራዋ ልጅም ዞረች። ማን ናት አዴ ዘርፈሽ?

ዘርፈሽ ከበርጩማዋ ተነሣች። ነጠላዋን አጣፋች።

«ነጋ! ነጋ! ቦንቱ! አንቺስ? መንገዱስ? ጭቃው እንዴት ነው? ልጆች አሉሽ? ደህና ናቸው?» የጠየቀችውን መልስ ሳትጠብቅ ሌላ ትጠይቃለች። ይህን ሁሉ ሰላምታ የት አስቀምጣው እንደነበር ራሷም አላወቀችም። ከዚያ፣ ሳታስበው፣ በዚያ በረንዳ ላይ ሲባል ሲባል የኖረው ነገር ከአፏ ወጣ።

«ኮቱ፣ ሴኒ! ግቢ እንጂ! ቤት ያፈራውን!»

ቦንቱ ቅቤዋን ይዛ መንገዱን ተሻገረች። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬም የተጠራ መስሎት አብሯት ተሻገረ። ለራሷ አንዲት የከሰል ምድጃ ትበቃት ነበርና፣ ያን ጊዜ ነው ዘርፈሽ ለእንግዳ የሚሆን ማድ ቤት እንደሌላት ትዝ ያላት። ማድ ቤቱ ከግድግዳው ወዲያ ነው፤ ትልቁ ድስትም፣ ቧንቧውም፣ በርበሬውም። ቀስ ብላ ወደ ጫንያለው ዞረች።

ጫንያለው እንግዶቹን አየ። እሷን አየ። ጀሪካኑን አየ። ከመንገድ የተጠራ እንግዳ ከዚያ ቤት ጦሙን ወጥቶ አያውቅም፤ ይህን የሚያውቅ ከሁሉ በላይ እሱ ነው። እጅጌውን እየሰበሰበ ወደ ጓሮ ሄደ።

ዘርፈሽ ለእንግዶቿ ምንጣፍ ዘረጋች። ከቦንቱ ቅቤዎች መካከል አንዱ ለጋ ቅቤ ዓይኗን ስቦታል፤ ስለዚህ እንደ እናቷ ሌላውን አንሥታ አሸተተችው። ከጓሮ የድስት ክዳን ወድቆ ሲንከባለል ተሰማ። ዶሮዎቹ ተንጫጩ።

«ጎረቤት!» የሚል ድምፅ መጣ በግድግዳው ላይ። «አንጮቴ ይላጣል እንዴ?»

ዘርፈሽ ፊቷን ከመንገዱ ሳታዞር «መጀመሪያ ቀቅለህ!» አለች፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው እያለፈ ነበርና።